አባባ የተነፈሰው ድንጋይ

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድሜ፣ ድሬዳዋ፤

እንዴት ሰነበትክ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ቄስ በሌለበት አንድ ኃጢአት ልናዘዝ፦ የአክስታችንን የእትዬ አክበረትን መነጽር ዱቄት ውስጥ ቀብሬዋለሁ። ያለ መነጽር የነፍስ አባታቸውንና እንስራን ስለማይለዩ፣ ይህ ደብዳቤ ሳይመረመር ይወጣል።

ቅድም አጎታችን ጋሼ ገነነ ደብዳቤ አስጽፈውኝ ነበር። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ደህና ናቸው አስባሉኝ። አባባ ጋ ስንደርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና “እሱንም ደህና በይ” አሉ። መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ያንን ደብዳቤ ቀደድኩት። እኔም መርዶ አልነገርኩህም፤ የምጽፍልህ ስለ ሳንባ ነው።

ከአባባ ጋር ተጣልታችሁ ደረቱን ገፍተኸው ስትወጣ እትዬ አክበረት አይተዋል። ከሄድክ በኋላ ሳሉ ጠናበት። ያ ቀን ሲመጣ፣ ለቅሶው ሳይጀመር ጣቢያ ሄደው “ልጁ ነው” አሉ። ፖሊስ አባባን ለምርመራ ሆስፒታል ወሰደው። የከሰሱት እሳቸው፣ “ወንድሜን እንደ ፋሲካ በግ በለቱት!” ብለው የጮኹትም እሳቸው።

ሐኪሙ ከሳንባው ቁራጭ ወስዶ በአጉሊ መነጽር አየ። ከዚያ የአባባ ሥራ ምን እንደነበር ጋሼ ገነነን ጠየቃቸው። ጋሼ አጭር መልስ መች ያውቁና! ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አባባ ድንጋይ የጠረበበትን ደጃፍ ሁሉ ዘረዘሩለት። ሐኪሙ አስቆማቸውና፣ ሳንባው በድንጋይ ብናኝ ሞልቶ ጠጥሯል፣ የጨረሰው እሱ ነው፤ ደረቱ ላይ የተሰበረም የደማም የለም አለ።

እትዬ አክበረት ሲሰሙ “ድንጋይ ማን አበላው?” ብለው አሁን ጎረቤታችንን ወይንሸትን ይጠረጥራሉ።

ማታ ማታ ሲያስል “ፒያሳን እየተፋሁ ነው” ይለን አልነበር? እኔ ደግሞ “ትንሽ ጨምርና ቤት እንሥራበት” እለው ነበር። እየሳቀ ያስል ነበር። አሁን ያ ሳቁ ይቆረቁረኛል።

አንተ አይደለህም። ወንድሜ፣ አንተ አይደለህም። ፖሊስም አይፈልግህም። አርባው ሳያልፍ ና። ሽማግሌዎቹ ሲያረዱህ እንደ አዲስ ጩህ፤ አደራ፣ እንዳታስይዘኝ። ይህን አንብበህ ስትጨርስም ብቻህን አትሁን።

መድኃኔ ዓለም ከፊትህ ይቅደም፣ በሰላም ያግባህ።

ወዳጅህ እህትህ

ውይ! ጋሼ ገነነ ለካ ከኋላዬ ቆመው ሲያነቡ ኖረዋል። “ሰናይት!” አሉኝ። ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩት። “አክስትሽ ሳይመጡ ቶሎ አሽጊው።”