ስልሳ በአርባ

ይድረስ በእናት ፋንታ ላሳደግሽኝ ለእትዬ። ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ክፉ አይንካን።

የመስታወት ሥራዬም አይከፋም። የራሳችንን ቤት መስኮት ግን በዚህ ወር ብቻ ሦስቴ ቀየርኩት። ነፋስ ነው እላለሁ፤ ባለቤቴም ለጎረቤት እንደዚያው ትላለች። ትንሿ ልጄማ ልኩን በቃሏ ይዛዋለች። "ስልሳ በአርባ" ስትለኝ፣ ከእኔ የተሻለ ባለሙያ ወጣሽ ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ትናንት ሱቅ ውስጥ ማንም ሳያዘኝ እጄ ለካስ አንድ መስታወት ቆርጦ ኖሯል። ብለካው ስልሳ በአርባ ሆነ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤት ይዤው ገባሁ። መስኮቱ ደህና ነበር፤ ስንጥቅ እንኳ የለበትም። ባዶ እግሯን ስትጫወት የነበረችው ልጄ የያዝኩትን አየችና ሄዳ ጫማዋን አደረገች።

ደረቴን እያፈነኝ ስላስቸገረኝ ለማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሐኪሟ "ከልጅነትህ ጀምሮ የሚያውቅህ ሰው ይዘህ ና" ብላኛለች። ያኔም ነፋስ ነው እየተባለ ይቀየሩ የነበሩትን የአባባን ቤት መስኮቶች ከአንቺ ሌላ የሚያስታውስ የለም።

እባክሽ ሥራ ካልያዘሽ ብቅ በይ። ዓይንሽን እስካይ ሰላም ቆዪኝ። ስትመጪ ግን በር ላይ ጫማሽን እንዳታወልቂ።

ታናሽ ወንድምሽ