ስምሽን ከቤቱ ውል ያስቀየርኩ ቀን

የኔ አስካለ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም፤ በቤታችን ወረቀቱም እስክሪብቶውም ያንቺ ነበር። እኔ ፒያሳ፣ ኬክ ቤቱ ውስጥ ከባንኮኒው ኋላ ማኪያቶ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ዛሬ ግን የምነግርሽ ደስታ፣ የምጠይቅሽም ይቅርታ አለኝ።

መጀመሪያ ደስታውን። ከተማው እሺ አለን! ውቤ በረሃ ያለው ግቢያችን ይፈርስና እዚያው ቦታ ላይ ፎቅ ይሠራልናል። መሬቱን ለግቢያችን ነዋሪዎች ማኅበር ሰጥተውናል። ከግንባታው ወጪ ገሚሱን ከተማው ይሸፍናል፣ የቀረውን እኛ እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ ቀስ እያልን እንከፍላለን። ወሬው የመጣ ዕለት ግድግዳ የምንጋራት ዘይነባ ግቢውን በእልልታ አናወጠችው። ከዚያ ወደ በራችን ዞር ብላ አየች። ሁላችንም ያሰብነው አንቺን ነበር።

አንቺ አይደለሽ የጀመርሽው? ያን ክረምት የዘይነባ ግድግዳ ሲደረመስ ልጆቿን እኛ ክፍል አስገብተሽ፣ ወዲያው ማመልከቻ መጻፍ ጀመርሽ። «ማን ሊሰማሽ ነው?» ብዬሽ ነበር። «ካልነገርናቸው በምን ያውቃሉ?» አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ወረዳ ተመላለስሽ! እግርሽ ሲያብጥ በሞቀ ውሃ እያሸሁ «ይቅርብሽ» እልሽ ነበር። አንቺ ግን በማግስቱ ወረቀትሽን በፌስታል ይዘሽ ትወጫለሽ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልግባ። የቀበሌው ቤት ከእናትሽ የተላለፈልሽ ስለሆነ ውሉ በስምሽ ነበር። ካረፍሽ በኋላ ወደ ስሜ ማዞር ነበረብኝ። አላዞርኩም። የሞት የምስክር ወረቀትሽን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ተውኩት። ኪራይ በከፈልኩ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ስምሽ ይወጣል፤ እሱን እያየሁ ገና ከቤት ያልወጣሽ ይመስለኝ ነበር። ማንንም አልጎዳም ብዬ ነው፣ አስካለ።

ከተማው ግን ከመፈረሙ በፊት የሁላችንም ፋይል ይሟላ አለ። የአንድ ቤት ከጎደለ የማኅበሩ ሁሉ ይቆማል፤ ቀኑ ካለፈም ድጋፉ ለሌላ ማኅበር ይሰጣል። የጎደለው የእኛ ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሁለት ጊዜ ነገረኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ነገ» አልኩት። ያ ሁሉ ጎረቤት በእኔ ምክንያት ሜዳ ላይ ሊቀር ነበር።

ሦስት ቀን ሲቀረን ዘይነባ መጣች። ልትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ ቆማ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ እኔም የባሌን ስም ያስቀየርኩ ቀን መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። እርስዎ ብቻዎን አይሄዱም፤ ነገ አብረን ነን» አለችኝ። አንድ ቃል ወቀሳ አልወጣትም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሄድን። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ወጣት ሠራተኛ ስምሽን ስታነብ ቀና አለች። «የወይዘሮ አስካለ ባለቤት ነዎት? ምነው እሳቸው ጠፉ እያልኩ ነበር እኮ» አለች። ከዚያ የያዝኩትን የሞት የምስክር ወረቀትሽን አየችና ከወንበሯ ተነሣች። «ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሰው ሁሉ ሲጮህብኝ፣ ‹ልጄ፣ ተረጋጊ፣ እኔ እጠብቃለሁ› ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው» አለችኝ። ይህን ለእኔ ነግረሽኝ አታውቂም።

ፋይላችንን ስትከፍት ስምሽ ላይ መስመር ልታሰምርበት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን አዲሱን ውል ከላይ አያያዘችው። «የድሮው አይጣልም ጋሼ፣ አብሮ ይቀመጣል» አለች። ከሥር የመጀመሪያውን ማመልከቻሽን አየሁት። በዚያ ክብ ክብ በሚለው ጽሕፈትሽ የጎረቤቱን ሁሉ ስም ዘርዝረሽ፣ የእኛን መጨረሻ ላይ ጽፈሽዋል። እኔ ግን ስሜን ለመጻፍ ስንት ቀን ሰው አስጠበቅኩ። ዘይነባ ክንዴን ይዛኝ ፈረምኩ። ይቅር በይኝ፤ ስላስቀየርኩትም፣ ስላዘገየሁትም።

ስምምነቱ በቀኑ ተፈረመ። በሚቀጥለው ሳምንት ግቢውን እንለቃለን። ፎቁ እስኪያልቅ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ዘይነባም ከልጆቿ ጋር እዚያው ሰፈር ነች። ቤታችን ሲፈርስ ቆሜ ማየት ግን የምችል አይመስለኝም።

ባለፈው እሑድ የማኅበሩ ኮሚቴ ውስጥ ያንቺን ቦታ እንድይዝ መረጡኝ። እምቢ ልል ነበር፣ አልሆነልኝም። እጄን አውጥቼ፣ ደረጃ መውጣት ለማይችሉት ከታች ያሉት ክፍሎች ይሰጡ አልኩ። ድምፄ ተቆራረጠ። ቢሆንም ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ።

እንግዲህ እዚያ ቤት ለመግባት ዕድሜ ከሰጠኝ፣ የዘይነባ ልጆችም ሆኑ ገና የሚወለዱት፣ በራቸውን ከፍተው ሲገቡ መጀመሪያ የጠየቀላቸው ማን እንደሆነ ከእኔ ይሰማሉ። ዕድሜ ካልሰጠኝም ለዘይነባ አደራ ብያታለሁ።

ያንቺው
ታደሰ