ከሰዓት በኋላ የሚቆም ወፍጮ

ኅዳር 5 ቀን 1988

ዛሬም ወርክሾፑን ጠረግኩ። ማንም የማይሠራበትን ቤት... አቧራው ግን ይህን አያውቅም፣ ይገባል። ሰፈራችን ሲቀላ አቧራ ተቸግሮ አያውቅም።

የባሌ የፈቃደ መልእክት በሹፌር አፍ ደረሰኝ። "ማሽን ከመገዛቱ በፊት የስሪ ፌዙ፣ የባለ ሦስት ሽቦው መስመር ኃይል ይለካ" ይላል። ሻሸመኔ የሰው እንጨት ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ ሦስት ዓመቱ። በቆጠብነው ገንዘብ የእንጨት መላጊያ ማሽን ገዝተን እዚህ ልንተክል፣ እሱም ቤቱ ሊገባ... ቃላችን ይህ ነበር። መጀመሪያ ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን አለ፤ አስደረግኩ። ቀጥሎ ጣራው ያፈሳል አለ፤ አስቀየርኩ። አሁን ደግሞ ኃይሉ። ላም አለኝ በሰማይ!

ግን ልክ ነው እኮ። ማሽን እንደ በግ ገበያ መልሰው አይሸጡትም። ቤቱን የገዛነው ከበያጅ ነው። መስመሩ ገብቶ ተቀምጧል እንጂ ይሥራ አይሥራ ማን ያውቃል?

ኅዳር 12

ኤሌክትሪሻኑ ይፍሩ መጣ። በሚካኤል ቀን! ጴንጤ ነው፣ በዓሉ አይከለክለውም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዬን ሳላወርድ አጠገቡ ቆምኩ። ሦስቱንም ሽቦ ለካ።

"እኩል ነው እትዬ ልክነሽ። አንደኛ ኃይል ነው።"

ደስ አለኝ። ምን ይደበቃል፣ ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉር ዋልኩ።

ኅዳር 14

ሽንኩርት እየከተፍኩ ትዝ አለኝ። የሚካኤል ለት የጎረቤቴ የእትዬ ወለቴ ወፍጮ ቆሞ ነበር! በበዓል ማን ያስፈጫል? ሰፈሩ ሁሉ አርፎ የተለካ ኃይል ምን ኃይል ነው? ቢላውን ጥዬ ይፍሩን ልጠራ ሮጥኩ።

ወፍጮው እየሠራ እንደገና ለካ። የመለኪያው መርፌ ቁልቁል ወረደች።

"ትራንስፎርመር አንድ ነው፣ ትንሽ ነው። ሁለት ሞተር አብሮ ከሠራ ማሽናችሁ ይቃጠላል።"

"ወፍጮው ቢቆምስ?"

"ከቆመማ ምን ችግር አለ።"

ወፍጮሽን አቁሚልኝ ተብሎ ሰው ይለመናል?

ኅዳር 19

ለመንኩ። እትዬ ወለቴ ባላቸውን ቀብረው በዚያ ወፍጮ ልጆች ያሳደጉ ጎረቤቴ ናቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

"ተይ እንጂ! ባልሽ ቤቱ ይግባልሽ እንጂ በቆሎው ነገም ይፈጫል።"

ጠዋት ለሳቸው፣ ከሰዓት በኋላ ለኛ። አስፈጪዎቹ ከአሁኑ ይልመዱ ብለው ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት ሊያቆሙልኝ ነው። እዚያው አለቀስኩ።

ኅዳር 24

በሚኒባስ ወደ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወጥቼ ሻሸመኔ ስልክ ደወልኩ። ከእንጨት ቤቱ አጠገብ ያሉት ባለሱቅ ፈቃደን ጠሩልኝ።

"ኃይሉ ተለካ! ከሰዓት በኋላ የኛ ብቻ ነው! እትዬ ወለቴ ፈቀዱ!"

  

"ጥሩ... እንግዲህ እናያለን።"

"መቼ ትመጣለህ?"

"እናያለን አልኩሽ እኮ።"

ደክሞት ይሆናል።

ታኅሣሥ 4

ሸማኔው ካሱ ሻሸመኔ ጋቢ ሸጦ ወደ አገሩ ዶርዜ ሲመለስ ደጄ ላይ ቆመ።

"እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! ማሽን አየሁ። ትልቅ ነው! ፈቃደ ራሱ ቆሞ ያሠራል።"

"የት?"

"ሻሸመኔ ነዋ። ሲሚንቶ ውስጥ ተክሎታል።"

አመሰገንኩት። ውሃ ሰጠሁት። ሌላ ምን ላድርግ?

ታኅሣሥ 5

የአሠሪው ማሽን ይሆናል። ካሱ ስለ ማሽን ምን ያውቃል?

ታኅሣሥ 6

ያየውን ነው ያለው። ፈሪዋ እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 27

ለገና መጣ። ስኳርና ሳሙና ይዞ፣ እንደ እንግዳ።

"መቼ ገዛኸው?" አልኩት።

አልካደም። "መስከረም ላይ።"

መስከረም! ይፍሩ መለኪያውን ሳያወጣ፣ እኔ ሰው እግር ላይ ሳልወድቅ...

"ታዲያ ለምን አስለካኸኝ?"

ወለሉን እያየ መለሰ። "ኃይሉ አይበቃም ይሉሻል ብዬ ነበር።"

ገባኝ። "አልመጣም" ማለት ከብዶት መርፌዋ እንድትልለት ነበር። እኔ ጅሏ ደግሞ ላይ ታች ብዬ መርፌዋን አቃናሁበት። ምነው ፊት ለፊት ነግሮኝ ቢሆን! ተናድጄ ባብድም በሰው ፊት አልዋረድም ነበር።

"ሴት አለች?"

"የለችም። ሥራው እዚያ ነው... ሰውም ለምዶኛል።"

ብትኖር ይሻለኝ ነበር። ሴት ይጠሏታል፣ ይረግሟታል። ሻሸመኔን የሚያህል ከተማ እንዴት አድርጌ ልጥላ?

"አንቺም ነይ" ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ሻይ አፈላሁ፣ አቀረብኩ፣ ጠበቅኩ። ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አላለም።

ጥር 3

ፈቃደ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ። መቼ ትመለሳለህ አላልኩትም።

ከሰዓት እትዬ ወለቴ ጋ ሄድኩ። ወፍጮው ቆሟል፣ በቃላቸው መሠረት። ከኦቾሎ ተራራ ገበያ የወረዱ ሴቶች ለነገ ተቀጥረው እህላቸው ላይ ተቀምጠው ያጉረመርማሉ። ለሌለ ማሽን ሲባል!

"እትዬ ወለቴ፣ ከሰዓትም ያስፈጩ" አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ለምን አላሉም። "እሺ ልጄ" ብለው ተነሡና ማስነሻውን ጫኑት። ከዚያ የመጀመሪያዋን ሴት ጠሩ።

ካሱ በሳቸውም በር አልፎ ነግሯቸው ነበር ለካ። ይህን ሁሉ ቀን ያውቃሉ። አውቀውም፣ እኔ በራሴ አፍ እስክናገር፣ ወፍጮውን በየቀኑ ሲያቆሙልኝ ከረሙ።