እንቁላሎቹ ስብሰባ ሄዱ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22፣ ጠዋት 1 ሰዓት

እንቁላሎቹን ገለበጥኳቸው። ሙቀት 38፤ ትንሽ ወርዷል። የፋኖሱን ክር ከፍ አደረግኩ። ጣሳው ላይ ውኃ ጨመርኩ። እጄ ላምባ ላምባ ይሸታል። ይሽተት! ደብተሬ፣ ይህ ነገር ባለፈው ሳምንት የሻይ ሳጥን ነበር፤ ዛሬ እንቁላል የሚያቅፍ ዶሮ ነው።

መ/ቤት ይስቁብኛል። በሮቤ ብርድ፣ በሳጥን ጫጩት? ይሳቁ። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። እንቁላሎቹ የአከራዬ የአደ ዘይነብ ናቸው። ክረምቱን ፈንግል ግቢውን ሲጠርግ አንዲት ዶሮ እንኳ አልተረፈችላቸውም። እነዚህን አሥራ ሁለቱን እኅታቸው ገብስ ውስጥ ቀብራ ከጊኒር በአውቶቡስ ላከችላቸው። የምታቅፍ ዶሮ ግን የለም። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ እኔ አቅፋለሁ አልኩ። ባበላሻቸው በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ዕለቱን፣ 11 ሰዓት ተኩል

ጉድ። ከመ/ቤት ስገባ አደ ዘይነብ ሳጥኑ ፊት ቆመዋል። ፊታቸው ጠቁሯል። ሲወዱኝም ሲቆጡኝም “ኢንተለ ኮ” ነኝ፣ ልጃቸው። “ኢንተለ ኮ፣ እንቁላሎቼን አጠመቅሻቸው?” ምን? ለካ የትኛውን ጎን እንዳዞርኩ እንዳይጠፋኝ በእርሳስ የ × ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። እርሻ ኮሌጅ ያስተማሩን እንዲህ ነው። እሳቸው ያዩት ግን አሥራ ሁለት መስቀል! ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ላጲስ አውጥቼ አጠፋሁ። እሳቸው ከሰል አንሥተው በየእንቁላሉ ላይ ነጥብ፣ ነጥብ። ነጥብ ሃይማኖት የለውም አሉ። እኔ ቢሮ ስሆን የቀትሩን መገልበጥም ራሳቸው ወሰዱ። ሰላም ወረደ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 28፣ ምሽት

በባትሪ አየናቸው። ደም ሥር! እንደ ቀይ ክር። መሐሉ ላይ ትንሽ ነገር፣ ትር ትር። አደ ዘይነብ “ማሻአላህ፣ ኒ ጂራ! አለ፣ ነፍስ አለ!” እያሉ እጄን ይዘው አለቅም አሉ። ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ ወጡ። አሥሩ ግን! ደብተሬ፣ መቀመጥ አልቻልኩም። ቆሜ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ላምባ ጠፋ። ከተማው ሙሉ የለም። ያለን እስከ ነገ ጠዋት ቢያደርስ ነው። መፈልፈያቸው ሰኞ! አሁን ቢበርዳቸው አለቀ።

ነገ ቀበሌ ይታደላል ተባለ፤ ከስብሰባው በኋላ፣ ለተገኘ ሰው ብቻ። የአንድ ሰው ድርሻ አይበቃንም፤ ሁለታችንም መሄድ አለብን። ስብሰባው ደግሞ መቼ ቶሎ አልቆ ያውቃል! ቤት ማን ያሙቃቸው? እኔ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አደ ዘይነብ ግን ቁጭ ብለው ጥጥ ይፈለቅቃሉ። ለምን አልኳቸው። “ዶሮ ፋኖስ የላትም፤ ሆድ ነው ያላት።”

እሑድ፣ ኅዳር 9፣ 9 ሰዓት

ከየት ልጀምር! አምስቱን እሳቸው፣ አምስቱን እኔ፣ ሆዳችን ላይ። ጥጥ፣ ነጠላ፣ ከላይ ካፖርት። ሆዴ ገፋ። አዳራሹ በር ላይ ዳቦ ጋጋሪዋ ወ/ሮ አስካለ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። “ሠርጉን ሳንጠራ፣ እቴ? ስንት ወርሽ ነው?” ነገ ነው የምወልደው አልኳት። አፏን ይዛ ቀረች።

ስለ ምርት ዘመቻ ተወራ፣ ተወራ። መፈክር ሲመጣ መነሣት፤ ግራ እጅ ወደ ላይ፣ ቀኜ ሆዴ ላይ። ተቀመጥን። ጸጥ ሲል፦ ጪው። ከእኔ ሆድ! የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግሩን አቆመ። ጪው፣ ጪው። ማነው ስብሰባ የሚረብሸው አለ። አደ ዘይነብ ሆዳቸውን እንደደገፉ ከኋላ ተነሡ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ አዲስ አባል ነው። ነገ ይወጣል፤ ካርድ ያውጡለት!”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሳቅ። ወርዶ ካፖርቴ ላይ ጆሮውን ሊያደርግ ምንም አልቀረው። ላምባ መጀመሪያ ለወላዶቹ ይሰጥ አለ። ጀሪካናችንን ይዘን እየሳቅን፣ ግን ቀስ እያልን፣ ቤት። ፋኖሱ በርቷል። ሳጥኑ ሞቋል። ሁሉም ደኅና፣ አንዱ እንኳ አልተሰነጠቀም። ይጮኻሉ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11፣ ከሰዓት

ዘጠኝ! አንዱ ቅርፊቱን ሳይሰብር ቀረ፤ አዘንን። ዘጠኙ ግን ደርቀው፣ ቢጫ ጥጥ መስለው አደ ዘይነብ ቀሚስ ላይ ይሮጣሉ። አዩአቸው፣ አዩአቸው፣ ከዚያ ተነሥተው ግቢውን መጥረግ ጀመሩ። ከክረምት ወዲህ መጥረጊያ ሲይዙ አላየሁም።

ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ወ/ሮ አስካለ፣ እንቁላል በሰፌድ ይዛ። ከኋላዋ ሌላ። ከዚያች ኋላ ሌላ። ከዘመድ የለመነች አለች፣ ከገበያ የገዛች አለች። ለካ ፈንግል ያልገባበት ቤት የለም። አደ ዘይነብ በር ላይ ቆመው እንደ ቀበሌ ሱቅ ወረፋ ያስይዛሉ፤ የሚጋፋ አይፈለፈልለትም እያሉ።

ሳጥኔ ለዚህ ሁሉ ትንሽ ነው። ትልቅ መሥራት አለብኝ። አናጺው ጋ ሮጥኩ። ሳንቃ ከአጋርፋ እስኪመጣ ጠብቂ አለ። መጠበቅ? እኔ?

አሁን አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። የአልጋውን ሳንቃ በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። ጥድ ነው። ደረቅ፣ ሰፊ፣ ስንጥቅ የሌለው። ሄጄ መዶሻ ልዋስ። ከዛሬ ጀምሮ የምተኛው መሬት ላይ ነው።