የተቆረጠው ጨለማ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ገበያ ቀዝቃዛ። ሁለት መስታወትና አንድ የምርቃት ፎቶ ብቻ ፍሬም አስገባሁ። ከሰዓት አንዲት ባልቴት በጨርቅ የተጠቀለለ ሥዕል ይዘው መጡ። ዐይናቸው ደክሟል፤ በሩን ዳብሰው ነው የገቡት። ጨርቁን ስፈታው... ራቁቷን የተኛች ሴት። ሌሊት ነው። ገላዋ አረንጓዴና ቀይ፣ ቀለሙ እንደ ጭቃ ተለጥፏል። ግራ በኩል ድፍን ጥቁር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ያኔ ሥጋ ነበረኝ።»

የሣሉት ሟች ባላቸው ናቸው።

«ከዝግጁ ፍሬም ይበልጣል፣ እማማ።»

«እንደሚሆን አድርገው፣ ልጄ።»

መቁረጥ የሚለውን ቃል አላነሣሁም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሥዕሉን አይቶ፣ «ምነው፣ ብርድ ልብስ እንኳ ብታለብሳት?» አለኝ። ሥዕሉን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ከግራ አንድ ስንዝር ቆረጥኩ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የምሠራው፤ ከሰማይ፣ ከሣር፣ ከባዶው። ጨለማ ቢቀነስ ለማን ይጎድላል? ልክክ አለ። ቁራጩን አንድ ሆቴል ላዘዘኝ መስታወት የማዕዘን መጠቅለያ አደረግሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

መጡ። ሥዕሉን ዳሰሱት። ጣታቸው ከፀጉሯ ተነሣ፣ በትከሻዋ አለፈ፣ ወደ ግራ ሄደ... እንጨቱ ጋ ቆመ። ተመለሰ። ደግሞ ሄደ።

«የት አለ?»

«ማን፣ እማማ?»

«እሱ። አጠገቤ ተቀምጦ ነበር እኮ።»

ባላቸው ጥቁር በጥቁር ላይ ራሳቸውን ሥለው ኖሯል። ጉልበት፣ አፍንጫ፣ ሁሉም በቀለሙ ውፍረት ብቻ። ዐይን ያለኝ እኔ አላየሁም።

አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ሆቴሉ ሄድኩ። መስታወቱ ተሰቅሏል።

«መጠቅለያው?» አለ ዘበኛው። «ትናንት በቆሻሻ መኪና ሄደ። ወርቅ ነበረበት እንዴ?»



ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ታፔላ ጻፊውን የጎደለውን እንዲሥልልኝ ለመንኩት። «ጥቁር መቀባት ምን ገዶኝ፤ ሰውየው ምን ይመስላል?» አለ። ባልቴቷ ፎቶ የላቸውም። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ሲያስብ ከንፈሩን ይነክሳል።»

«ሌላስ?»

«ጉልበቱ ቀዝቃዛ ነበር።»

በዚህ ማን ይሥላል? ሃያ ዓመት ሙሉ የሰበርኩትን ተክቻለሁ። ይሄን በምን ልተካ...

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ቤታቸው ሄጄ ሥዕሉን እንደተቆረጠ ከራስጌያቸው ሰቀልኩላቸው። አልጋው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ፍሬሙን አልፎ ባዶው ግድግዳ ላይ ቆየ።

«ያቺ ልጅ አሁን ብቻዋን ናት የተኛችው» አሉ።

መዶሻዬንና ምስማሬን ሰበሰብኩ። ቅዳሜ ዋናው የገበያ ቀን ነው፤ ሱቁ ተዘግቷል።

«ትቸኩላለህ?»

«ኧረ የለም፣ እማማ።»

ከሥዕሉ በስተግራ አንድ ወንበር ነበር። ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይተው ጋደም አሉ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቀስ ብዬ ልውጣ ብዬ ነበር።

አልወጣሁም።