ከዓሣ ጋር ስለሚያድሩት ብርጭቆዎቻችን

ለተከበሩ ወይዘሮ ድራሆሚራ ኮትርባታ
የሎዶቪትሴ መንደር ከንቲባና የመንደሩ ቢራ ቤት የበላይ ጠባቂ

ክብርት ሆይ፣ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ሥራዎና አዲሱ ምክር ቤትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከቢራ አረፋ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነን።

ስለ ንጽሕናና ስለ እኩልነት ብለው ለቢራ ቤታችን የዋሉትን ውለታ አንድ ደብዳቤ ባይችለውም፣ ዝም ማለት ውለታ ቢስነት ይሆንብኛልና ጥቂቱን እነሆ።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን መደርደሪያው ላይ የየራሳችን ወፍራም ባለእጀታ ብርጭቆ ነበረን፤ የምንይዘው እጀታውን ስለሆነ የእጃችን ሙቀት ቢራው ዘንድ አይደርስም ነበር። እርስዎ «የግል ብርጭቆ ብሎ ነገር ቀርቷል፤ ሁሉም እኩል ነው» ብለው በካርቶን አሳሽገው ምድር ቤት ካወረዷቸው ወዲህ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ከንፈሩ ወርቅ የተቀባ፣ የመንደሩ ዓርማ ያለበት ብርጭቆ ታደለን። ለፎቶግራፍ ሲያምር! ቢራው መዳፋችን ውስጥ ሾርባ እስኪሆን ድረስ ዓርማችንን እያየን እንኮራለን።

ሁለተኛ፣ ቢራ ቀጂዋ ወይዘሮ ብላንካ ቀድሞ ብርጭቆን ለብቻው በብሩሽ አሽታ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቃ፣ በጨርቅ ሳትነካው ደፍታ ታንጠፈጥፈው ነበር። ወይ ኋላቀርነት! በገዙልን የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ግን ብርጭቆው የአሳማ ጥብስ ከተበላበት ሳሕን ጋር ይታጠብና ስብና የማሽኑን ማብለጭለጫ ፈሳሽ ለብሶ ይወጣል። አረፋው ጠረጴዛችን ሳይደርስ እልም ይላል፤ እኛም ጢማችንን ከመጥረግ ተገላገልን።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ቢራው ሞቀ ብለን ብናማርር፣ ብርጭቆዎቹ ፍሪዘር ውስጥ እንዲያድሩ አዘዙ። ፍሪዘሩ ውስጥ ደግሞ ከመንደሩ ኩሬ የወጣው ዓሣ አለ።

የእህቴን ባል ሊቦርን ያውቁታል። ልቡን ከታመመ ወዲህ ሐኪሙ የፈቀደለት በሳምንት አንድ ቢራ ብቻ ነው፤ ሐሙስን እንደ ዓመት በዓል ይጠብቃት ነበር። ባለፈው ወር ያችን አንዷን ተቀብሎ አሸተታትና፣ «ብላንካዬ፣ ዓሣው መጥቷል፤ ድንቹስ?» አላት። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሳይቀምሳት ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሲመጣ መጋረጃውን ዘግቶ ይቀመጣል። እህቴ «ቢራውስ ይቅር፤ ሰው አጥቶ ነው የሚሞትብኝ» ስትለኝ አንጀቴን ትበላዋለች። ክብርት ሆይ፣ ሐኪም ያልከለከለውን እርስዎ ከለከሉት።

የሊቦር ብርጭቆ ብቻ ከምድር ቤት ይውጣለት፣ አንድ ብሩሽና ቀዝቃዛ ውሃም ይፈቀድለት ብለን ብናመለክት፣ «ደንብ ደንብ ነው፤ ለማንም አይጣስም» የሚል መልስ በማኅተም ደረሰን። ማኅተሙ እጅግ ጥርት ያለ ነበር፤ ስለ እሱም አመሰግናለሁ።

ለንጽሕናዎ፣ ለእኩልነትዎና ለወርቅ ቀለምዎ ዘወትር ባርኔጣውን የሚያነሣ፣
ስቫቶፕሉክ ዣላ
ጡረተኛ ባቡር ነጂ፣ ምድጃው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ

ማስታወሻ፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ባለፈው ሐሙስ የሊቦርን ብርጭቆ ፍለጋ ወደ ምድር ቤት ልንወርድ ስንል፣ ከባንኮኒው ሥር አንድ ወፍራም ባለእጀታ ብርጭቆ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ ተደፍቶ አገኘን። ስምዎ ተቀርጾበታል። ወይዘሮ ብላንካ ፊቷ ቀልቶ ባንኮኒውን መወልወል ያዘች። ሊቦርን ከቤቱ ጎትተን አምጥተን በእርስዎ ብርጭቆ አስቀዳንለት፤ አረፋው እስከ መጨረሻው ጉንጭ ቆመ። «ለካ ከንቲባዋ ቢራ ያውቃሉ!» ብሎ አድንቆዎታል። ብርጭቆዎን አጥበን ቦታው መልሰነዋል። ሐሙስ ሐሙስ ግን ለመምጣት ባይደክሙ ይሻላል፤ ብርጭቆዎ ተይዟል።