ከአራሷ ጎን

ሚያዝያ 5
በሚያዝያም በረዶ ጣለ። ከቤቴ ከሪችፊልድ የምሠራበት የእንስሳት ማቆያ እስክደርስ መንገዱ እያንሸራተተ አሳቀቀኝ። እንስሳቱ ቤት ግን ሙቀት ነው፤ ጃኬቴን አውልቄ ስኳር ድንች መክተፍ ያዝኩ። ጦጣ የምትመስለው ነጭና ጥቁሯ ሌመር የሆዷን ፀጉር እየነጨች ሳጥኗ ውስጥ ታነጥፋለች። አለቃዬ ቢራቱ፣ "ልትወልድ ነው፣ እትዬ ብርነሽ" አለኝ። በዓመት አንድ ሁለት ቀን ብቻ ነው አሉ ወንድ የምታስጠጋው። እዚያ አገሯ ማዳጋስካር ጫካው እየተመነጠረ ዘራቸው ሊጠፋ ነው። ፍሬ እየዋጡ ዘሩን የሚበትኑትም እነሱ ናቸው፤ እነሱ ካለቁ ጫካውን ማን ይዘራዋል? ስንት ዓመት የተጠበቀ እርግዝና... ደስ አለኝ። ፈራሁም። ለምን?

ሚያዝያ 9
ወለደች። ሦስት። ዓይናቸውን ገልጠው ነው የመጡት። እንደ ሌሎች ሌመሮች እናታቸው ላይ አይንጠለጠሉም፤ ሳጥን ውስጥ ትታቸው ነው የምትወጣው። ቢራቱ፣ "ሳጥኖቹን በካሜራ ሞኒተር እናደርጋለን። ምግቧን አስቀምጠው ቶሎ ይውጡ" አለኝ።
አራስ ብቻዋን? ሰውም ትሁን እንስሳ አራስ አራስ ናት። በምሳ ሰዓቴ ባልዲ ገልብጬ ፍርግርጉ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ካሜራው የሳጥኑን ውስጥ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ማንም አላየኝም። ወገቤ ላይ ያሉት ቁልፎች ሲንቃጨሉ ቀና ብላ አየችኝ። አወቀችኝ።

ሚያዝያ 10
አንዱን በአፏ አንጠልጥላ ወደ ላይኛው ሳጥን ወሰደች። ከዚያ ሌላውን... ምን ሆና ነው? አይዞሽ እያልኩ ባልዲውን ጠጋ አደረግሁ።

ሚያዝያ 12
ዛሬም አዛወረቻቸው። ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። ምግቧን አልነካችም። የቢራቱ ፊት ጠቁሯል። "በጣም ስትረስ ላይ ናት፣ ጭልፊት ያየች ነው የምትመስለው። ከእርስዎ ሌላ የሚገባ አለ?"
"ማንም" አልኩት። እውነቴን ነው። የሆነ ነገር እያየች ነው፣ እኔ የማላየው። ነገ ምሳዬን እዚያው ይዤ እገባለሁ። ብቻዋን አልተዋትም።

ሚያዝያ 13
አንዱ ወለሉ ላይ። ቀዝቅዟል። ስታዛውረው ከአፏ ወድቆ ነው። መዳፌ ላይ ምንም አይከብድም። አለቀስኩ። እሷ ሬሳውን አላየችም፤ እኔን ነው የምታየው። ዓይኗን አልነቀለችም።

ሚያዝያ 14
ለቢራቱ ነገርኩት። ባልዲውን፣ ምሳውን፣ ሁሉንም። "አራስ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው።"
አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ "እትዬ፣ ጫካ ውስጥ ጎጆዋ አጠገብ የሚቀመጥ ልጆቿን ሊበላ የመጣ ነው" አለኝ።
ባልዲውን ወስጄ ዕቃ ቤት አስቀመጥኩ።

ሚያዝያ 18
ምግቧን በር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ቀና ብዬም አላይ። ከዚያ ወዲህ አላዛወረቻቸውም። ዛሬ ቢራቱ ቢሮው ጠርቶ ስክሪኑን አሳየኝ፤ ተጋድማለች፣ ሁለቱም ሆዷ ሥር ይጠባሉ። ደስ ብሎኝ ወንበር ስስብ ቁልፎቼ ተንቃጨሉ። ቢሮውንና የእሷን ክፍል የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው።
ስክሪኑ ላይ ቀና አለች። ያኔ አወቀችኝ ያልኩበት አስተያየት፣ ያው ራሱ። ጎንበስ አለችና ትንሹን በአፏ አነሳች።
ቁልፎቹን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ድምፅ እንዳያሰሙ የቢራቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። አልተሳሳትኩም፣ አውቃኛለች። ከነገ ጀምሮ ሥራዬ ወፎቹ ጋ ነው።